ባለ ጎማው ቤት በሸናንዶዋ ተራራ

አሜሪካኖች ቤታቸውን ጭነው የሚጓዙበት አንድ ዓይነት መኪና አላቸው። ከሩቅ ሲያዩት አውቶቡስ ይመስላል፤ ቀርበው በሩን ሲከፍቱት ግን አልጋው፥ ምድጃው፥ የዕቃ ማጠቢያው፥ መታጠቢያ ቤቱና የምግብ ማቀዝቀዣው ሁሉ በየቦታው ተሰክቶ ይገኛል። እነርሱ አርቪ ይሉታል፤ እኛ ለዚህ ጽሑፍ ያህል ቤት መኪና እንለዋለን። በዚህ ቤት መኪና ስድስት ሆነን በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. በቨርጂኒያ ግዛት በሸናንዶዋ ተራራ ላይ ሁለት ሌሊት አድረናል። ከዚያ ያገኘነውን ለውድ አንባብያን እነሆ እንተርካለን።

የጉዞው ምክንያት እናታችን ናት። ለሕክምና ከአዲስ አበባ ይዘናት ሄደን በዋሽንግቶን አጠገብ በአሌክሳንድሪያ ከተማ በሚኖረው በታናሽ ወንድማችን ቤት ሦስት ወር ሰነበትን። ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን መስኮቱ የሚያሳየው የመኪና ማቆሚያና ሌላ ፎቅ ነው። እናታችን የመንዝ ተወላጅ ናትና አንድ ቀን ከመስኮቱ ሥር እንደ ተቀመጠች፥ «ልጆቼ፥ በዚህ አገር ተራራ የሚባል የለም እንዴ?» አለች። ወንድማችን ሰምቶ ዝም አለ። በሳምንቱ ግን «ቤት መኪና ተከራይቻለሁ፤ ተራራ እንወጣለን» ብሎ መጣ።

በድንኳን እንዳንሄድ እናታችን ጉልበቷን ስለሚያማት ከመሬት ተኝታ መነሣት አይሆንላትም። ከዚህም በላይ በእንቅልፍ ላይ ሳለች ትንፋሿ እየተቋረጠ እንደሚመለስ ሐኪሞች ስለ ደረሱበት፥ ሌሊት ሌሊት በአፍንጫዋ ላይ አድርጋ የምትተኛውን አየር የሚነፋ ትንሽ መሣሪያ አዘውላታል። ሲፓፕ ይባላል። ይህ መሣሪያ ያለ ኤሌክትሪክ አይሠራም። እንግዲህ ቤቱን ከነኤሌክትሪኩ ይዘን ከሄድን ምን ይቸግረናል ተባለ።

ወንድማችን በዋሽንግቶን ጎዳና 15 ዓመት ታክሲ የነዳ ሰው ስለ ሆነ በመንዳቱ አይታማም። ሆኖም የተከራየው ቤት መኪና ርዝመቱ 9 ሜትር ተኩል ያህል፥ ቁመቱ ከ3 ሜትር ተኩል የሚያልፍ ነበርና ከአከራዩ ግቢ ሲያወጣው ግንባሩ በላብ ረጠበ። አከራዩ ሰውዬ ሃያ ደቂቃ ያህል እያዞረ አሳይቶን ነበር፤ ይህ የውሃው መለኪያ ነው፥ ይህ የቡታ ጋዙ መክፈቻ ነው፥ ይህ የጄኔሬተሩ ቍልፍ ነው እያለ ካስጐበኘን በኋላ «ሁሉም ይሠራል» ብሎ አሰናበተን። ሁሉም እንደሚሠራ እውነት ነው። መቼ እንደሚሠራ ግን አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅነውም።

እሑድ ጥቅምት 3 ቀን ከቅዳሴ መልስ ተነሣን። ሰኞ በአሜሪካ የበዓል ቀን ነው፤ ለማክሰኞ ልጆቹን ከትምህርት ቤት አስፈቀድናቸው። መምህር ሆነን ሳለ ልጅን ከትምህርት ማስቀረታችን የሚያስወቅሰን መሆኑን እናውቃለን። ወደ ምዕራብ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዝን በኋላ ፍሮንት ሮያል ከምትባል ከተማ ደረስን፤ የሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ሰሜናዊ በር እዚያ ነው። ከበሩ ጀምሮ ስካይላይን ድራይቭ የሚባለው መንገድ በብሉ ሪጅ ተራሮች ጀርባ ላይ 169 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በሰዓት ከ56 ኪሎ ሜትር በላይ መንዳት ክልክል ነው። በየማይሉ የቍጥር ምሰሶ ስለ ተተከለ ቦታው ሁሉ የሚጠራው በማይል ቍጥሩ ነው።

በዚያ ወቅት ቅጠሉ ሁሉ ከአረንጓዴነት ወጥቶ ግማሹ ብርቱካን፥ ግማሹ ቀይ፥ ግማሹ እንደ አደይ አበባ ብጫ ሆኗል። እናታችን ከኋላው መስኮት ሆና ዝም ብላ ስትመለከት ቈየችና፥ «ተራራው የት ነው?» አለች። ጥያቄዋ አስቆን ነበር፤ ነገር ግን ትክክል ነበረች። የዚህ ፓርክ ከፍተኛው ጫፍ ሐክስቢል የሚባለው 1,235 ሜትር ሲሆን አዲስ አበባ ከተማ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በመንዝ ሰው ሚዛን ሲመዘን የሸናንዶዋ ተራራ ቆላ ነው። የሆነ ሆኖ መኪናው በአንድ ማየኛ ቦታ ላይ ቆሞ ከበታቻችን የሸናንዶዋ ወንዝ በሸለቆው ውስጥ ሲጠማዘዝ ባየች ጊዜ፥ «ቆላም ቢሆን ደግ ነው» ብላ ነጠላዋን አጣፋች።

ልናድርበት የያዝነው ቦታ በ22ኛው ማይል የሚገኘው ማቲውስ አርም ነው። ከዋናው መንገድ ወደ ጫካው ቍልቍል ተወርዶ ይገባል። በአሜሪካ ለቤት መኪና ተብለው የተሠሩ ማደሪያዎች አሉ፤ በእነዚያ ዘንድ ለእያንዳንዱ መኪና የኤሌክትሪክ ምሰሶ፥ የውሃ ቧንቧና የፍሳሽ መቀበያ ተዘጋጅቶለት እንግዳው ሦስቱንም ሰክቶ እንደ ከተማ ቤት ይኖራል። በማቲውስ አርም ከሦስቱ አንዱም የለም። ያለው ዛፎች የከበቡት ጠፍጣፋ ቦታ፥ አንድ የእንጨት ጠረጴዛ፥ የእሳት ማንደጃ፥ ለሁሉም የሚሆን የጋራ መጸዳጃና የውሃ መቅጃ ነው። የገላ መታጠቢያ የለም። የስልኩም ነገር እንደዚሁ ነው፤ ወንድማችን ስልኩን ወደ ሰማይ ከፍ አድርጎ ሦስት ጊዜ ቢዞርም አንድም መስመር አላገኘም።

መኪናውን ወደ ኋላ ማስገባቱ ትልቅ ሥራ ሆነ። በአገራችን የጭነት መኪና ያለ ረዳት አይንቀሳቀስምና እኛም ወርደን «ና! ና! ግራ ቍረጥ! መልስ!» እያልን እጃችንን አወናጨፍን። የወንድማችን ባለቤት በቀኝ በኩል ሆና «ቁም!» ስትል፥ የ9 ዓመቱ ልጅ በግራ በኩል ሆኖ በእንግሊዝኛ «ሂድ!» ይላል። በድንኳን የሰፈሩት ሰዎች ወንበራቸውን አዙረው ይመለከቱናል። ሩብ ሰዓት ያህል ከታገልን በኋላ ገባ።

ሰፈር የምንለውን ቃል ዛሬ ለከተማ መንደር ብቻ እናውለዋለን እንጂ ጥንት የጦር ሠራዊት ድንኳን ተክሎ የሚያድርበትን ቦታ ያመለክት ነበር፤ የአዲስ አበባም ሰፈሮች አያሌዎቹ ስማቸውን ያገኙት በዚያ ከሰፈረው መኰንን ነው። ያን ዕለት ማታ በየዛፉ ሥር የሚጤሰውን እሳትና ድንኳኑን ስንመለከት ቃሉ ወደ ጥንት ቦታው የተመለሰ መሰለን።

በሰፈሩ መግቢያ ከተለጠፈው ደንብ አንዱ የጄኔሬተር ሰዓት ነው። በእኛ አቈጣጠር ጧት ከ2 እስከ 4፥ ከቀትር በኋላ ከ10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ብቻ ጄኔሬተር ማስነሣት ይፈቀዳል። ከዚያ ውጭ ክልክል ነው። የደረስነው ልክ በ10 ሰዓት ስለ ነበር ወዲያው አስነሣነው። ቴሌቪዥኑ ተከፈተ፤ ማሞቂያው ምድጃ ዞረ፤ ስልኩ ሁሉ ተሰካ። ምሽቱ 1 ሰዓት ሲሆን እንደ ደንቡ አጠፋነው። ከጣሪያው ያሉት አምፖሎች ግን መብራታቸውን አላቋረጡም፤ የክፍሉም ማሞቂያ ሙቅ አየሩን መንፋቱን ቀጠለ። ስለዚህ ቤቱ የራሱ ኤሌክትሪክ አለው ብለን በእርጋታ እራታችንን በላን። በጥቅምት አንድ አጥንት እንዲሉ የወንድማችን ባለቤት ቅቅል ይዛ ነበር።

ከሌሊቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ እናታችን መሣሪያዋን በአልጋዋ አጠገብ አስቀምጣ ገመዱን ሰካች። አልነፋም። ከሌላው ሶኬት ሰካነው፤ አልነፋም። በኵሽናው ካለው፥ በመታጠቢያ ቤቱ ካለው ሞከርን። አምፖሉ ከራሳችን በላይ ቦግ ብሎ እየበራ ሶኬቱ ሁሉ ሞቷል።

ነገሩ የገባን ያኔ ነው። በቤት መኪና ውስጥ ሁለት ዓይነት ኤሌክትሪክ አለ። አምፖሉ፥ የውሃው መግፊያና የማሞቂያው ማራገቢያ የሚሠሩት ከወለሉ ሥር ከተቀመጡት የ12 ቮልት ባትሪዎች ነው። የግድግዳው ሶኬት ግን የቤት ኤሌክትሪክ የሚፈልግ ሲሆን እርሱን የሚሰጠው ወይ የሰፈሩ ምሰሶ ነው፥ ወይ ጄኔሬተሩ ነው። እኛ በተከራየነው ዓይነት የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚለውጥ መሣሪያ አልተገጠመለትም። ምሰሶ የለም፤ ጄኔሬተሩም ተከልክሏል።

ወንድማችን ቍልፉን ይዞ ተነሣ። «አስነሣዋለሁ፤ ቅጣት ካለው እከፍላለሁ» አለ። ባለቤቱ በመስኮቱ አሻግራ እያሳየችው፥ «እነዚያ ድንኳኖች ውስጥ እኮ ሕፃናት ተኝተዋል፤ እስከ ጧት ልታጓራባቸው ነው?» አለችው። እናታችን በበኩሏ፥ «እኔ ይህን ዕቃ ሳላውቀው ሰባ ዓመት ተኝቻለሁ። ትራሱን ከፍ አድርጉልኝና ተኙ» አለች። ይህን ለመቀበል የደፈረ ግን ማንም አልነበረም። ሐኪሙ በመረመራት ጊዜ ትንፋሿ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከሠላሳ ጊዜ በላይ እንደሚቋረጥ ነግሮን ነበር። ነግሮን ብቻም አይደለም፤ መሣሪያው ከመታዘዙ በፊት በአሌክሳንድሪያ ከአጠገቧ ተኝተን ትንፋሿ ጸጥ ሲል፥ እኛም አብረን ትንፋሻችንን ይዘን እየቈጠርን ስንጠብቅ፥ እንደ ገና በጉርምርምታ ሲመለስ የሰማንባቸውን ሌሊቶች አልረሳንም።

ሌላ መንገድ ፈለግን። ሞተሩን አስነሥተን ወደ ፍሮንት ሮያል እንመለስ ብንል 35 ኪሎ ሜትር ጠመዝማዛ መንገድ በጨለማ መንዳት ነው፤ አጋዘኑም ሌሊት መንገድ ላይ ይቆማል። ደግሞ ይህን ትልቅ ሬሳ ከዛፎቹ መካከል በሌሊት ማን ያወጣዋል? ወንድማችንና ባለቤቱ በዚህ ሲከራከሩ፥ እኛም ለሁለቱም ትክክል ነህ ትክክል ነሽ እያልን ምንም ሳንረዳ ስንቀር፥ የ14 ዓመቷ ልጅ ከመካከላችን አለመኖሯን ያየናት እናታችን ናት። «ልጅቱ የት ሄደች?» አለች።

ሁላችንም ወደ ውጭ ወጣን። ሰፈሩ ጥቁር ድብ የሚመላለስበት ጫካ መሆኑን፥ ምግብ ሁሉ በመኪና ውስጥ ተቈልፎ እንዲያድር የሚያዝዘውን ማስጠንቀቂያ ቀን አንብበናል። ስሟን ልንጠራ አፋችንን ስንከፍት ከማዶ የእጅ ባትሪ ብርሃን ሲወዛወዝ ታየን። ልጅቱ ናት፤ ከኋላዋም ባርኔጣ ያደረጉ አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ ሻንጣ የሚያህል ነገር አንጠልጥለው ይከተሏታል። ከባለቤታቸው ጋር በትንሽ ተጎታች ቤት ከእኛ ሦስተኛው ቦታ ላይ ሰፍረው ነበር። ልጅቱ በራቸውን አንኳኵታ፥ «አያቴ ያለ ኤሌክትሪክ መተኛት አትችልም» ብላ ነገረቻቸው። በአሌክሳንድሪያ አብሯት በአንድ ፎቅ ላይ የሚኖረውን ጎረቤት ስም የማታውቅ ልጅ ናት።

ሽማግሌው ገብተው መሣሪያውን እንዳዩ ሣቅ አሉ። እርሳቸውም ለብዙ ዓመት የተኙት በዚሁ ዓይነት ነው። ያመጡት ሻንጣ ተሞልቶ የሚያዝ ትልቅ ባትሪ ሲሆን የቤት ሶኬት አለው። ሰኩት፤ መሣሪያው ነፋ። ነገር ግን ወዲያው እጃቸውን አንሥተው፥ «ቈዩ፤ እንዲህ ከሆነ እስከ ንጋት አያደርሳችሁም» አሉ። በመሣሪያው ጎን አየሩን የሚያረጥብ ትንሽ የውሃ ሣጥን አለ፤ ከሥሩ ያለው ማሞቂያ ከነፋሹ ይልቅ ብዙ እጥፍ ኃይል ይበላል። እርሱን አጠፉት። የቤቱንም ማሞቂያ ዝቅ እንድናደርግ፥ ማራገቢያው ሌሊቱን ሲዞር ካደረ የመኪናውን ባትሪ ጨርሶ በንጋት ብርድ እንደሚያስቀረን መከሩን። ወንድማችን ሊያመሰግናቸው ቃል ሲፈልግ «ጧት ቡና ካላችሁ እመጣለሁ» ብለው ሄዱ።

እኛ ያን ሌሊት ወንበር ላይ ተቀምጠን አነጋን። ያደረግነው ነገር የለም፤ መስማት ብቻ ነው። መሣሪያው ሹሹ ይላል፤ እናታችን ትተነፍሳለች። ወደ ንጋት ላይ አምፖሉ ደክሞ ቀላ፤ የእናታችን መሣሪያ ግን አልደከመም። ሲነጋ የሽማግሌውን ባትሪ መለኪያ ብናየው ገና ግማሹን እንኳ አልጨረሰም።

ጧት ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። እናታችን ቡናውን እንደ ልማዷ በኵሽናው ምድጃ ላይ ስትቈላ ጭሱ ከጣሪያው ደርሶ የእሳት ማስጠንቀቂያው ጮኸ። ለጄኔሬተሩ ዝምታ ያን ያህል የተጨነቅንለት ሰፈር በአንድ ጭልፋ ቡና ተቀሰቀሰ። ምጣዱ ወደ ውጭ ወጣና በእሳት ማንደጃው ላይ ተቈላ፤ ሽማግሌውና ባለቤታቸውም በጭሱ ተመርተው መጡ። ሦስቱንም ጠጡ። ሽማግሌው በረከቱን ሲጠጡ ለወንድማችን አንድ ነገር ገለጡለት፤ ለመሣሪያው በቀጥታ ከ12 ቮልት ባትሪ የሚሰካ የራሱ ገመድ ይሸጥለታል፤ ያን ይዘን ቢሆን ኖሮ የቤት መኪናው ባትሪ ራሱ ይበቃን ነበር። የእርሳቸውን ባትሪ ደግሞ በተፈቀደው ሰዓት በጄኔሬተራችን ሞልተን ሁለተኛውን ሌሊት እንድናድርበት ተዉልን።

ስለ ውሃው ሳንናገር ማለፍ አይገባም። የቤት መኪናው ማጠራቀሚያ 150 ሊትር ይይዛል። ለስድስት ሰው፥ ለሁለት ቀን ሲካፈል ለእያንዳንዱ በቀን 12 ሊትር ተኩል ይደርሰዋል፤ ይህም ለመጠጥም፥ ለማብሰልም፥ ለዕቃም፥ ለገላም ነው። ለተማሪ የሚሰጥ ጥሩ የማካፈል ሒሳብ ነበር፤ እኛ ግን ያሰብነው ካለፈ በኋላ ነው። ልጅቱ እሑድ ማታ ጸጕሯን ስትታጠብ የድርሻዋን ብቻ ሳይሆን የአባቷንም የእናቷንም ጨርሳ ወጣች፤ ታናሽ ወንድሟም ተከተላት። ከዚህ የባሰው ደግሞ መግቢያው ሳይሆን መውጫው ነው። የታጠብንበት ውሃ ከወለሉ ሥር በሌላ ማጠራቀሚያ ይጠራቀማል፤ መሬት ላይ ማፍሰስ በጥብቅ የተከለከለ ነው። ሰኞ ጧት የዚህ መለኪያ «ሞላ» አለ። ንጹሕ ውሃ ከሰፈሩ መቅጃ በእጅ መቅዳት ይቻላል፤ እጣቢውን ግን የት ታደርገዋለህ?

ከዚያ በኋላ ውሃውን የተረከበችው እናታችን ናት። የቧንቧውን መግፊያ አስጠፋችና ከጋራ መቅጃው በባልዲ አስቀድታ ጆግ አስቀመጠች። በአንድ ጆግ ፊቷን፥ እጇንና እግሯን ስትታጠብ ልጆቹ አጠገቧ ቆመው ያያሉ። ዕቃውን በቅጠል ጠርጋ፥ በጥቂት ውሃ አሽታ፥ በጥቂት ታለቀልቃለች። ልጁ ይህን እንደ ጨዋታ ይዞት «የእኔ ግማሽ ጆግ ነው!» እያለ ሊበልጣት ይጣጣር ጀመር። እስከ ማክሰኞ ጧት ያ ሞላ ያለው ማጠራቀሚያ አልፈሰሰም።

ሰኞ ከቀትር በፊት ከሰፈሩ ዙሪያ በሚሄደው ትሬስስ በሚባል የእግር መንገድ ተጓዝን፤ ስሙ ዱካ ማለት ነው። ዙሪያው 3 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ሆኖም እናታችን በትሯን ይዛ ግማሹን ያህል ብቻ ሄደች። ከጫካው ውስጥ በእጅ የተካበ የድንጋይ አጥር ባየች ጊዜ ቆመች። «ይህ የእርሻ ካብ ነው። የማን ነበር?» አለች። አልተሳሳተችም። ዛሬ ደን የሆነው ይህ ተራራ ቀድሞ እርሻና ግጦሽ ነበር። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1935 በሕግ ሲቋቋም የቨርጂኒያ መንግሥት መሬቱን ከባለቤቶቹ በግዢም በፍርድም ወስዶ ለፌዴራሉ መንግሥት ስለ ሰጠ ወደ 500 የሚጠጉ ቤተ ሰቦች ከተራራው ለቀዋል። ለጥቂት ሽማግሌዎች ብቻ እስኪሞቱ በቤታቸው እንዲኖሩ ተፈቀደላቸው፤ ከእነርሱም የመጨረሻዋ ያረፈችው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። እናታችን ከካቡ የወደቀ አንድ ድንጋይ አንሥታ ወደ ቦታው መለሰችና ተቀመጠችበት።

ማክሰኞ ጧት ከመነሣታችን በፊት ለቤት መኪናዎች ተብሎ በተሠራው የፍሳሽ ጕድጓድ ማጠራቀሚያዎቹን ባዶ ማድረግ ነበረብን። ይህ ሥራ ለወንድማችንና ለእኛ ደረሰ። ስለ ዝርዝሩ ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ ለሚሄድ ሰው የሚጠቅመው ይህ ብቻ ነው፤ ጓንት ይጥለቅ፥ መጀመሪያ የመጸዳጃውን ከዚያ የእጣቢውን ይክፈት፤ የሳሙናው ውሃ በኋላ ሲመጣ ጎማውን ያጥበዋልና። እኛ ይህን ያወቅነው ተገላቢጦሹን ካደረግነው በኋላ ነው።

የሽማግሌውን ባትሪ ስንመልስ እናታችን ከላዩ አንድ ከረጢት ቆሎ አስቀመጠችበት።

ከማቲውስ አርም ወደ ደቡብ 16 ኪሎ ሜትር ሲነዱ የሜሪስ ሮክ ዋሻ መንገድ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1932 ከአለት ተፈልፍሎ የተሠራ ሲሆን ርዝመቱ ወደ 200 ሜትር ገደማ፥ ቁመቱ 3 ሜትር ከ86 ነው። የመኪናችን ቁመት ከመሪው በላይ በወረቀት ተለጥፎ ስለ ነበር ልጁ ማይሉ ሁሉ እስኪያልቅ ሁለቱን ቍጥሮች እየቀነሰ ልዩነቱን ይነግረናል፤ አባቱ ግን ከዋሻው አፍ ሲደርስ ቆመ፥ ወርዶም ከጣሪያው ላይ የወጣውን የማቀዝቀዣውን ሣጥን ተመለከተ። ዋሻው ቅስት ነው፤ ከመካከሉ ከፍ፥ ከዳሩ ዝቅ ይላል። መብራቱን አብርቶ ወደ መካከሉ ተጠግቶ በቀስታ ገባ። በወጣን ጊዜ እናታችን ዓይኗን ስትገልጥ አየናት።

ቢግ ሜዶውስ በ51ኛው ማይል ሰፊ ሜዳ ነው። ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ፓርኩን የመረቁት እ.ኤ.አ. ሐምሌ 3 ቀን 1936 በዚሁ ሜዳ ላይ ነው። አጋዘኖች ሰው ሳይፈሩ ይግጡ ነበር። እዚያ ምሳ በልተን ነዳጅ ቀዳን፤ የነዳጁን ሒሳብ ወንድማችን ብቻ ስለሚያውቀው አንጠይቀውም።

ከዚያ ዝቅ ብሎ በ57ኛው ማይል ላይ ሉዊስ ማውንቴን የምትባል ትንሽ ሰፈር አለች። እንዳንቆም ሰዓቱ ይገፋን ነበር፤ ሆኖም የወንድማችን ባለቤት ታሪኳን አንብባ ስለ ነበር አቁሙ አለች። ሉዊስ ማውንቴን እ.ኤ.አ. በ1939 የተከፈተችው ለጥቁሮች ብቻ ተብላ ነው። በዚያ ዘመን በቨርጂኒያ ነጭና ጥቁር ተለያይቶ እንዲስተናገድ ይደረግ ስለ ነበር በፓርኩ ካርታና በመንገዱ ምልክት ላይ በስም ተለይታ ተጽፋ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ልዩነቱ እየላላ ሄዶ እስከ 1950 ድረስ በፓርኩ ሁሉ ቀረ። ዛሬ ምልክቱ የለም፤ ያለው ዛፍና ጥቂት የእንጨት ቤት ነው። ልጅቱ ይህን ሁሉ ሰምታ፥ «እነዚያ ሽማግሌ ስንት ዓመታቸው ይሆን?» አለች። ሰማንያ የሚሆናቸው መስለውን ነበር። «እንግዲያው ሕፃን ሆነው በዚህ አልፈው ከሆነ ምልክቱን አይተውታል» አለችና ወደ መኪናው ተመለሰች። ከዚያ እስከ ስዊፍት ረን በር ድረስ ብዙ አልተናገረችም።

ቤት መኪናውን በማግሥቱ ስንመልስ አከራዩ «ሁሉም ሠራ?» ብሎ ጠየቀ። ወንድማችን «ሁሉም ሠራ» ብሎ ቍልፉን ሰጠው፤ ከዚያ ግን ተመልሶ ለሚቀጥለው ተከራይ ስለ ሶኬቱ እንዲነግር ለመነው።

ገመዱን ገዛነው። ስንመለስ ወደ አዲስ አበባ ይዘነው መጣን፤ ከአንድ ዐሮጌ የመኪና ባትሪ ጋር በእናታችን አልጋ ሥር ተቀምጧል። ኤሌክትሪክ በሚጠፋበት ሌሊት እርሷ ራሷ በጨለማ ትሰካዋለች፤ የውሃውን ማሞቂያ አጥፍታ።